የሕፃናት የዕድገት ታሪክ ቃለ መጠይቅ

የዕድገት ታሪክ ቃለ መጠይቅ የጤና ባለሙያ ስለ ሕፃኑ እርግዝና፣ አወላለድና ሕመም፣ እንዲሁም አንገቱ ስለጸናበት፣ ስለተቀመጠበት፣ ስለተራመደበትና አፉን ስለፈታበት ጊዜ አሳዳጊዎቹን የሚጠይቅበት የምርመራ ክፍል ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1954 እ.ኤ.አ. ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ጎንደር የጤና ባለሙያ መፍለቂያ ናት፤ በአካባቢው ባለው የዳባትና የደባርቅ ደጋ ግን የልደት ቀን ሁልጊዜ በጽሑፍ አይገኝም። ስለዚህ «በስንት ወሩ ሄደ?» የሚል ጥያቄ ግምት ይጋብዛል። ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ከሚፈጸመው ክርስትና የልደቱን ጊዜ አስልቶ «ለጥምቀት በዓል ቆሞ ይሄድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ ለሙስሊም ቤተሰብ ረመዳን ያገለግላል፣ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ መምጣቱ እስከታሰበ ድረስ።

የእናት ትዝታ የታላቁን ከታናሹ ያደባልቃል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ጤነኛ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩበትን ጊዜ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር አድርጎ ስላስቀመጠ፣ የጥቂት ሳምንታት ስሕተት ብዙ ጊዜ ፍርዱን አይለውጥም። ባለሙያውም የክትባት ካርዱን ያያል፣ ልጁን ራሱን ይመለከታል። ይናገር የነበረ ልጅ ዝም ማለቱን ግን የአንድ ቀን ምርመራ አያሳይም፤ የሚያውቀው አሳዳጊው ነው።