ድምፅ ተሰጠ፤ ማን ሰማው? የ1965ቱ የዘውድ ዘመን የመጨረሻ ምርጫ



ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ስለ ምርጫ ሲወራ ብዙዎቻችን ምርጫ የመጣው ከ1983 ወዲህ ይመስለናል። አይደለም። በንጉሡም ዘመን ተመርጧል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ወንድም ሴትም የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ከ1949 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ ምርጫ ተካሄደ። የመጨረሻው የ1965ቱ ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለው? የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ለብቻው ይቀርባል። ለመወዳደር ንብረት ያስፈልጋል፤ ድሃው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። ሕዝቡ የሚመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን ብቻ ነው። የሕግ መወሰኛውን አባላትም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው።

ይህ ምን እንዳስከተለ የእኛው አገር ያውቀዋል። በ1960 ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ሠጋ፤ ሞጣና ዳሞት ተነሱ። መንግሥት ጦር ላከ፣ ከአየርም ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተማረ። ልብ በሉ! ገበሬው በፓርላማ እንደራሴ ነበረው፤ የተሰማው ግን ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

የሙስሊሙም ነገር ከዚህ አይርቅም። አባቶቻችን ድምፅ ሰጥተዋል፤ በዓሎቻቸው ግን የመንግሥት በዓል አልነበሩም። ከ1965ቱ ምርጫ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ እጅግ ብዙ ሙስሊም እኩልነትን ጠይቆ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጡ። በዓላቱ የታወቁት በ1967 ነው፤ ያውም ፓርላማው ከተዘጋ በኋላ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ሲያወርድ ፓርላማውንም በተነ። ለአራት ዓመት የተመረጡት እንደራሴዎች የቆዩት አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነው።

ሣጥኑ መዘጋቱ ግን መድኃኒት አልሆነም፤ ተከትሎ የመጣውን ቀይ ሽብር ቤተሰቦቻችን ያስታውሱታል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ «ምርጫ አለ ወይ?» ብለን ብቻ አናብቃ። «የመረጥነው ሰው ምን ማድረግ ይችላል?» ብለንም እንጠይቅ። በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ያንን ዘመን ጠይቋቸው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን።