ብሌነ ሰፊ ሌንስ

ፎቶ አንሺዎች «ፋስት ሌንስ» የሚሉት ነገር አለ። «ፈጣን ሌንስ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ግን ገዢን ያሳስታል። ሌንሱ ፎከስ በመያዝ ከሌሎቹ የግድ አይቀድምም፤ ርካሾቹ እንዲያውም ይንቀራፈፋሉ። ስያሜው የቆየ ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለ የሒሳብ ሊቅ ቪየና ውስጥ የነደፈው ሌንስ ከቀደሙት እጅግ የበለጠ ብርሃን ያስገባ ነበር። በዚህም ለአንድ ምስል ደቂቃዎችን ሳይነቃነቁ መቀመጥ ቀረና ጊዜው ወደ ሰከንዶች ወረደ። የፈጠነው ፎቶው ነው።

እኔ «ብሌነ ሰፊ ሌንስ» ብዬ ብጠራው እመርጣለሁ። የዓይን ብሌን ጨለማ ሲገባ ይሰፋል፣ ፀሐይ ሲመታው ይጠባል፤ የሌንስ አፐርቸርም (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ሥራው ይኸው ነው። አመሠራረቱ እንደ ሆደ ሰፊና ልበ ሰፊ ስለሆነ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ መብራት ከተተከለ ወዲህ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ መንገድ ላይ በማታ ፎቶ ማንሳት ያን ያህል አያስቸግርም። ችግሩ ያለው ከበር ወደ ውስጥ ነው። ለሥላሴ በዓል፣ ጥር 7 ወይም ሐምሌ 7 ሊነጋ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ማኅሌት ተቁሟል እንበል። ፍላሽ መተኮስ ነውር ነው፤ ከነውሩም ባሻገር የጧፉን ብርሃን ይገድለዋል። ከካሜራው ጋር አብሮ የተሸጠው ዙም ሌንስ ወደ ፊት ሲጠጋ ብሌኑ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ሻተሩን ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ካወረዱት ቆሞ የሚያዜመው ሊቅ ፊት ይወጣ ይሆናል፤ ጸናጽሉና መቋሚያው ግን ጭስ ይሆናሉ። የብርሃን ትብነቱን (አይ ኤስ ኦ) ሲጨምሩ ደግሞ ነጩ ነጠላ በነጠብጣብ ይሞላል። «ካሜራዬ መንቀጥቀጥ የሚከላከል አለው» የሚል ይኖራል፤ እሱ የሚከላከለው የአንሺውን እጅ ነው፣ የዘማሪውን አይደለም።

እዚህ ላይ ቁጥሩን መረዳት ገንዘብ ያተርፋል። 5.6 ወይም 1.8 የሚባለው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ፎካል ሌንግዝ) ለብሌኑ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብሌኑ ይሰፋል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ5.6 ሲከፈት ብሌኑ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በ1.8 ደግሞ 28 ገደማ። የቀዳዳው ወርድ በሦስት እጥፍ ሲሰፋ የሚገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ያ አንድ አሥረኛ ሰከንድ መቶኛ ሊሆን ነው ማለት ነው፤ መቋሚያውም ይያዛል።

ብሌነ ሰፊ ሲባል ብዙ ሰው ውድ ብቻ ይመስለዋል። ውድ የሚያደርገው ስፋቱን ከዙም ጋር መፈለግ ነው። ዙሙን ለተወ ሰው ባለ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 አለለት፤ ካኖን ለመስታወት አልባ ካሜራዎቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው በ200 ዶላር ገደማ ነው የጀመረው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ ይህም ለብዙዎች ከባድ ሆኗል። ከዚያ የረከሰው የቻይና ሥራ ነው። የቲቲአርቲሳን ባለ 35 ሚሊ ሜትር 1.4 ከ100 ዶላር በታች ሲሸጥ ቆይቷል፤ ፎከሱ ግን በእጅ ነው። ሴንሰሩ አነስ ላለ ካሜራ ይህ 35 ከ50 ይሻላል፤ 50 እዚያ ላይ እይታው ስለሚጠብ በጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባዎን ግድግዳ ላይ ያስደግፍዎታል።

ሦስተኛው አማራጭ አሮጌ ሌንስ ነው፤ እኔ የማደላውም ለዚህ ነው። በመስታወት አልባ ካሜራ መስታወቱ ስለወጣ ሴንሰሩ ከሌንሱ መግጠሚያ አጠገብ ነው ያለው፦ በሶኒ 18 ሚሊ ሜትር ይርቃል፣ በድሮው ኒኮን 46.5። ልዩነቱን ባዶ ቱቦ የሆነ አዳፕተር ይሞላዋል። በዚህ መላ የሶቪየቱ ዜኒት ካሜራ ሌንስ፣ ሄሊዮስ 44 (58 ሚሊ ሜትር፣ ብሌኑ እስከ 2 የሚከፈት) አዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል። ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ የስልክ መብራት ከኋላው አብርተው ሻጋታ እንደሌለው ይመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ ይተዉት። የብሌኑን ቀለበት እያዞሩ ብሌኑን የሚያጠቡት ስለቶች በዘይት እንዳልተጣበቁም ይፈትሹ።

ብሌነ ሰፊ ሌንስ አንድ ዕዳ አለው። ብሌኑ በሰፋ መጠን ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ይቀጥናል። በትልቅ ሴንሰር፣ በ50 ሚሊ ሜትር፣ በ1.8፣ ከአንድ ሜትር ላይ ጥራቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዓይኑ ሲጠራ ጆሮው ይደበዝዛል። ስለዚህ ሱቅ ሲሄዱ ካሜራዎን ይያዙ፤ ብሌኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው የሻጩን ዓይን ያንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልተው ሽፋሽፍቱን ይቁጠሩ።