ሻጩ ምን ይሸጥ ነበር?

በመስቀል ፍላወር መንገድ ዳር፣ ሱቁን ከፍቶ ገዢ የሚጠብቅ አዛውንት ባየሁ ቁጥር አንድ ተውኔት ትዝ ይለኛል።

አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1949 «የሻጩ ሞት»ን ኒው ዮርክ ላይ ለመድረክ ሲያበቃ፣ የ63 ዓመቱ ዊሊ ሎማን በሻንጣው ይዞ የሚዞረው ሸቀጥ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው የሚሸጠው ራሱን ነበር። ጉልበቱ ሲነጥፍ የቀድሞ አሠሪው ልጅ ከሥራ ያሰናብተዋል። እርሱ ግን የከሰረ ሕልሙን በትልቁ ልጁ በቢፍ ትከሻ ላይ ሊጭን ይታገላል፤ ልጁ እምቢ ይላል። በመጨረሻም አባት፣ 20 ሺህ ዶላር የመድን ገንዘብ ለልጁ እንዲቀርለት ሲል ሕይወቱን ያጠፋል። የቤቱ ዕዳ ተከፍሎ የሚያልቀው በቀብሩ ዕለት ነው።

ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ተውኔቱን ቤጂንግ ላይ በቻይንኛ ሲያዘጋጅ፣ ተዘዋዋሪ ሻጭ የማያውቅ ተመልካች ይረዳው ይሆን ወይ የሚል ሥጋት ነበር። ተመልካቹ ግን ከሻጩ ይልቅ አባትን አየ።

በእኛም መድረክ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«የከርሞ ሰው» የአዲስ አበባን ቤተሰብ ውጥረት አሳይቶናል። እንግዲህ ያን የሱቅ ደጃፍ አዛውንት ሊጽፍ የሚነሣ ደራሲ፣ ከሸቀጡ አስቀድሞ ለልጁ ሊያወርስ የሚመኘውን ይመርምር።