ሣጥኑና ጥያቄው፤ ስለ አየርላንድ የልማት ትምህርት አጭር ታሪክ

«የጠገበ፣ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላሉ አበው። ተርቦ የነበረ፣ ኋላ የጠገበስ? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አንዲት ትንሽ አገር ታሪክ እንግባ። አገሪቱ አየርላንድ ናት። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በ1845 የአየርላንድን ድንች በሽታ ገባበት። ድኻው ገበሬ ከድንች በቀር የሚበላው አልነበረውም፤ የሚያመርተው እህልና የሚያረባው ከብት ለባለመሬቱ ኪራይ መክፈያ ነበር። ስለዚህም ሕዝቡ እያለቀ እህሉ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ 1 ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ፣ ሰሜኑ ጭምር ተቆጥሮ፣ ዛሬም 7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ድንቹን የፈጀው በሽታው ነው፤ ሰዉን የፈጀው ግን የመሬት ሥሪቱና አገዛዙም ጭምር ነው። መቼም ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ወሬ አይደለም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ባላት አገር፣ በ1973 የካቶሊክ ጳጳሳቱ ትሮኬራ የተባለ የእርዳታ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ በአየርላንድኛ ምሕረት፣ ርኅራኄ ማለት ነው። ሁለት ሥራም ሰጡት፤ አንደኛው ባሕር ማዶ ያለውን ችግረኛ መርዳት፣ ሁለተኛው ለገዛ ሕዝባቸው የድህነትንና የግፍን ምክንያት ማስተማር። ይህ ሁለተኛው ነው «የልማት ትምህርት» ሲባል የቆየው፤ አሁን አሁን «የዓለም ዜግነት ትምህርት» ይሉታል።

ከሁለቱ የቀናው የመጀመሪያው ነው። በጾማቸው ወራት ልጆች ትንሽ የካርቶን ሣጥን ወደ ቤት ይዘው ይሄዳሉ፤ ለከረሜላ ያሰቡትን ሳንቲም ይጥሉበታል፤ ፋሲካ ሲደርስ ይመልሱታል። በሣጥኑ ላይ የሩቅ አገር ሰው ፎቶግራፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሕፃን ነው። የልጆቹን ደግነት አንነቅፍም፤ ጾምንና ምጽዋትን ማያያዝ የእኛም ወግ ነውና። ችግሩ ሌላ ነው። ሣጥኑ «ስንት?» ይላል እንጂ «ለምን?» አይልም። «ለምን?» የሚለው አስተማሪው ጊዜና ፍላጎት ካገኘ ብቻ የሚነሣ ነው።

በዚያው በ1973 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ያሉባቸው መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው መጡ። ፎቶግራፉም በግቢው ውስጥ ታየ። እሱም የተራበ ሰው ፎቶግራፍ ነው፤ ግን ሳንቲም አልለመነም። «ይህ ለምን ተደበቀ? ተጠያቂውስ ማነው?» አሰኘ እንጂ። እነሆ አንድ ዓይነት ሥዕል፣ ሁለት ዓይነት ትምህርት!

በጥቅምት 1984 የኮረም መጠለያ በቢቢሲ ሲታይ፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ተነሣ። በታኅሣሥ ዘፈን ወጣ፤ በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ ኮንሰርት ተደረገ። የዘፈኑ ርእስ የተራቡት ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆን ይጠይቃል። ክርስትናን ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለሚያውቅ አገር! ገንዘቡ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን በዚያ ሥዕል ያደገ ልጅ ስለ ድርቁ ሰማ እንጂ ስለ ጦርነቱ፣ በመስከረም 1984 አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ስላከበረውም መንግሥት ምን ያህል ሰማ? የራሱ ቅድመ አያቶች እህል እየተጫነ እንደሞቱ ያወቀ ልጅ የእኛንም ረሃብ «ዝናብ ስለጠፋ ነው» ብቻ ብሎ ባላለፈው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጉድለቱን ቀድመው ያዩት ራሳቸው አየርላንዳውያን መምህራን ጭምር ናቸው። በ1989 የአውሮፓ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሦስተኛውን ዓለም ሰው በሥዕል ስለ ማሳየት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ በ2007 ደግሞ የአየርላንድ ድርጅቶች ማኅበር ዶካስ የታደሰውን ደንብ ተቀበለ። ትምህርቱ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ገባ። በ2022ም የአውሮፓ የዓለም አቀፍ ትምህርት መግለጫ የጸደቀው በደብሊን ነው። ሆኖም ለዚህ ትምህርት የሚደርሰው ከእርዳታው በጀት ትንሹ ቁራሽ ነው። ሣጥኑ ዛሬም «ለምን?»ን ይቀድማል።

እኛስ? እነሱን ለመውቀስ እንቸኩላለን እንጂ ስለ 1845 በትምህርት ቤት የተማርን ስንቶቻችን ነን? አየርላንድን በስንዴው፣ በኤምባሲው፣ በመዋጮው ብቻ ነው የምናውቃት። ያም ሣጥን ነው፤ ከዚህ በኩል የታየ። የወሎን ረሃብ ከአየርላንዱ ጎን አስቀምጦ ያነበበ ተማሪ ግን ሰጪና ተቀባይ ብቻ አይታየውም፤ በተለያየ ዘመን አንድ ዓይነት በደል የቀመሱ ሁለት ገበሬዎች ይታዩታል። እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቅርብ ነው፤ ሁለቱን ረሃቦች ጎን ለጎን አንብቡና ለሚቀጥለው ቅጽ ጻፉልን። ስንት ሞተ ብቻ አትበሉ፤ እህሉ የት ነበር ብላችሁ ጠይቁ።