ከተልባ ዘይት የተሠራው ወለል

በቀለም ጣሳ አፍ ላይ የሚረጋውን ልጣጭ ቀለም ቀቢ ሁሉ ገፎ ይጥለዋል። ለጎማ ምትክ ይፈልግ የነበረው እንግሊዛዊው ፍሬዴሪክ ዋልተን ግን መረመረው። ልጣጩ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የጠነከረ የተልባ ዘይት ነበር፤ ያው እኛ ቆልተንና ወቅጠን የምንጠጣው ተልባ መሆኑ ነው። ዋልተን ዘይቱን ከሙጫና ከቡሽ ዱቄት ጋር ለውሶ በሸራ ላይ በመዳመጥ በ1863 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ስሙንም ተልባና ዘይት ከሚሉት የላቲን ቃላት «ሊኖሊየም» አለው።

ምንጣፍ አቧራ ያቅፋል፤ ሳንቃም በስንጥቁ እድፍ ይሸሽጋል። ሊኖሊየም ግን በእርጥብ ጨርቅ ስለሚጸዳ ሆስፒታሎችና መርከቦች ሳይቀሩ መረጡት።

መብቱ ጊዜው ሲያልፍ ስኮትላንዳዊው ተወዳዳሪ ኔርን ዕቃውን በዚያው ስም ይሸጥ ጀመር። የዋልተን ኩባንያ ቢከስም ፍርድ ቤቱ በ1878 «ሊኖሊየም» የዕቃው መጠሪያ እንጂ የአንድ ነጋዴ ምልክት አይደለም ሲል ፈረደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ርካሹ ቪኒል ገበያውን ወሰደ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ሊኖሊየም የሚለው እርሱን ነው። የስሙ መደባለቅ ለባለሙያ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቪኒል የሚችለው ብርቱ የአልካሊ ማጽጃ እውነተኛውን ሊኖሊየም ያበላሸዋልና።