«ናሙና»፣ «ወካይ»፣ «ዘፈቀደ»፦ የአንድ የጥናት ዘዴ ታሪክና የስያሜው ችግር

አንድ የሙያ ቃል ከሌላ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ቃሉ ዛሬ የያዘውን ትርጉም ብቻ ነው። ቃሉ ከዚያ ትርጉም የደረሰበትን መንገድ መከተል የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው ተብሎ ይተዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ አንዳንድ ቃላት ታሪካቸው ካልታወቀ በትክክል ሊተረጐሙ የማይችሉ መሆናቸውን ነው። በትምህርትና በማኅበራዊ ጥናት ዘወትር የሚነሡት «ናሙና»፣ «ወካይ» እና «ዘፈቀደ» የተሰኙት ቃላት ከዚህ ወገን ናቸው። የሚተረጕሙት ፅንሰ ሐሳብ አርባ ዓመት ያህል የፈጀ ክርክር ያለፈበት ነው። ስያሜው ሲሳሳትም ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ መስክ ወርዶ ጥናቱን ራሱን ያበላሻል።

በቅድሚያ ቃላቱ በአገራቸው ምን እንደሚሉ እንመልከት። «ናሙና» ከፋርስኛ ጋር የሚዛመድ፣ በቱርክና በሕንድ ቋንቋዎችም የሚገኝ ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ የገበያ ቃል ሆኖ ኖሯል። እህል ነጋዴው ከጆንያው አፍ እፍኝ ጤፍ ዘግኖ ለገዢው ሲያሳይ ናሙና አሳየ ይባላል። እፍኙን የመረጠው ሻጩ ነው፤ ስለዚህም ብልህ ገዢ እጁን ወደ ጆንያው ወገብ ሰድዶ ራሱ መዝገኑ የተለመደ ነው። በሌላ በኩል «ዕጣ» አለ። ዕቁብተኞች ተራቸውን የሚለዩት፣ ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት የሚካፈሉት በዕጣ ነው፤ በሐዋርያት ሥራም ማትያስ ከዐሥራ አንዱ ጋር የተቈጠረው ዕጣ ተጥሎ ነው። የዕጣ ቁም ነገሩ የማንም ፈቃድ እንዳይገባበት መደረጉ ነው። እንግዲህ ናሙና የሰው እጅ የመረጠው፣ ዕጣ ደግሞ የሰው ፈቃድ የተነሣበት ነው። የዘዴው ታሪክም በመሠረቱ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተደረገ ጉዞ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች እምነት አንድና ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ስለ ሁሉም ለማወቅ ሁሉንም መቍጠር ያስፈልጋል የሚል ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኀላፊ አንደርስ ኪየር በበርን ከተማ ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ተቋም ከዚህ የተለየ ሐሳብ አቀረበ። አውራጃዎችንና ሰዎችን በጥንቃቄ መርጦ የአገሩን ሁኔታ በትንሹ የሚያሳይ ሥዕል መሥራት ይቻላል አለ፤ ዘዴውንም «ወካይ ዘዴ» ብሎ ሰየመው። የጀርመኑ ጌዖርግ ፎን ማይር በብርቱ ተቃወመው፤ መቍጠር በሚቻልበት ስፍራ ግምት ሊገባ አይገባም የሚል ነበር ሙግቱ። ይሁን እንጂ ተቋሙ በ1903 እ.ኤ.አ. በበርሊን ጉባኤው ዘዴውን ደገፈው።

የእንግሊዙ አርተር ቦውሊ ደግሞ በ1912 እ.ኤ.አ. የሬዲንግ ከተማ ሠራተኞችን ኑሮ ሲያጠና ሌላ መንገድ ተከተለ። ቤቶቹን ራሱ በመምረጥ ፈንታ ከከተማው ዝርዝር ላይ በተወሰነ ርቀት እየዘለለ ወሰደ። በዚህም ሁለት ልዩ ልዩ አሠራሮች በአንድ ስም ይጠሩ ጀመር። አንደኛው ዐዋቂ የመረጠው፣ ሌላው ማንም ያልመረጠው፣ ሁለቱም «ወካይ» ተባሉ። ተቋሙ በ1925 እ.ኤ.አ. በሮም ጉባኤው ሁለቱንም ተቀብሎ አለፈ። እዚህ ላይ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ክርክሩ ያልተፈታው ማስረጃ በማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቃል ሁለት ሐሳቦችን ሸፍኖ በመያዙ ጭምር ነው።

ልዩነቱን በግልጽ ያወጣው የኢጣልያ ልምድ ነው። ኮራዶ ጂኒና ሉዊጂ ጋልቫኒ፣ የ1921 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቈጠራ ወረቀቶች ከመወገዳቸው በፊት ጥቂቱን ለማስቀረት ፈልገው፣ ከ214 አውራጃዎች 29ኙን መረጡ። ምርጫው የዘፈቀደ አልነበረም፤ በሰባት መለኪያዎች አማካያቸው ከመላው አገር አማካይ ጋር እንዲገጥም ተጠንቅቀዋል። ዳሩ ግን ከሰባቱ ውጭ ያሉት ጠባዮች ሲመረመሩ ናሙናው ከአገሩ እጅግ ርቆ ተገኘ። የፖላንዱ ሊቅ የርዚ ኔይማን በ1934 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ይህንኑ ምሳሌ አንሥቶ፣ «ወካይ» የተባለው ዘዴ ሁለት የተለያዩ ገጾች እንዳሉት አሳየ። የስሕተት መጠንን አስቀድሞ ማስላት የሚቻለው እያንዳንዱ የስብስቡ አባል የመመረጥ ዕድሉ የታወቀ ሲሆን ብቻ መሆኑንም አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ናሙና የሚታመነው በመልኩ ሳይሆን በአመራረጡ ሆነ።

ሁለት ዓመት ቈይቶ ብዛትም ዋስትና እንደማይሆን ታየ። በ1936 እ.ኤ.አ. «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለዐሥር ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ላንደን ሩዝቬልትን እንደሚያሸንፍም ተነበየ። የተገኘው ውጤት ግን ሩዝቬልት ከመቶ ስድሳ በላይ ድምፅ አግኝቶ ማሸነፉ ነበር። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ሲሆን፣ መልስ የላኩትም ካልላኩት የተለየ አሳብ ነበራቸው። ጆንያው ትልቅ ነበር፤ የተዘገነው ግን ከአፉ ነው።

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ሁለቱን የአማርኛ ስያሜዎች እንመርምር። «ወካይ» ከ«ወኪል» እና ከ«ውክልና» ጋር አንድ ሥር አለው። ወኪል ማለት ባለጉዳዩ ፈቅዶ፣ ሥልጣን ሰጥቶ በቦታው ያቆመው ሰው ነው። ናሙናን ግን ማንም አልወከለውም። ናሙና ስለ ብዙኀኑ ሊናገር የሚችለው ከአመራረጡ በተገኘ ስሌት ብቻ ነው። አንባቢ «ወካይ ናሙና» የሚለውን ሲያይ፣ የየቀበሌውን ሽማግሌ እንደሚሰበስብ ጉባኤ የሚመስል ነገር በአሳቡ ቢሥል አይፈረድበትም፤ ኪየርም በመጀመሪያ ያሰበው ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ስለዚህ ቃሉ ይቅር አንልም፤ በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ግን የአመራረጡን ዘዴ ሳይጠቅስ ሊፈታ አይገባውም።

የ«ዘፈቀደ» ችግር ከዚህ የከፋ ነው። ቃሉ ከግእዙ «ዘ» እና «ፈቀደ» የተሠራ ሲሆን፣ «የወደደው፣ የፈለገው» ማለት ነው። «በዘፈቀደ አደረገው» ስንል ሥርዐት ሳይከተል እንደ ልቡ አደረገው ማለታችን ነው። ስለዚህ «የዘፈቀደ ናሙና» የሚለው አጠራር፣ ፈቃድ የተነሣበትን ነገር በፈቃድ ስም መጥራት ነው። የጥናት መመሪያ «ሠላሳ ተማሪዎች በዘፈቀደ ይመረጡ» ብሎ ቢያዝ፣ ርእሰ መምህሩ ቃሉን በአማርኛነቱ ተረድቶ የወደዳቸውን፣ ምናልባትም ንጹሕ የለበሱትንና ደኅና የሚናገሩትን ቢያቀርብ፣ ስሕተቱ የእርሱ አይደለም፤ የተርጓሚው ነው። በዚህ ምክንያት ደካማው ተማሪ ከጥናቱ ይወጣል፤ የትምህርቱም ጥራት ካለው በላይ ከፍ ብሎ ይነገራል።

ፈቃድን ማንሣት ቀላል አለመሆኑን ሌሎች ሁለት ድርጊቶች ያስረዳሉ። በ1927 እ.ኤ.አ. ቲፔት የተባለው የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ሊቅ ለአጥኚዎች መምረጫ እንዲሆኑ ብሎ ከቈጠራ ሰነዶች የወሰዳቸውን 41,600 አኀዞች በመጽሐፍ አሳተመ፤ ሰው በአሳቡ ቍጥር ቢጠራ ልማዱ እንደሚመራው ይታወቅ ነበርና። በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ወጣቶችን ለጦርነት ለመመልመል 366 የልደት ቀኖችን በዕጣ ስታወጣ፣ ዕጣዎቹ በየወሩ ከተጨመሩ በኋላ በሚገባ ሳይደባለቁ ቀሩ። ከዚህ የተነሣ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ከሌሎቹ ይልቅ አስቀድመው ለመጠራት ተጋለጡ። እንግዲህ ዕጣም ቢሆን ሥርዐት ይፈልጋል፤ ከ«ዘፈቀደ» የሚለየውም በዚሁ ነው።

ጉዳዩ በሰዎች ምርጫ ብቻ አይወሰንም። ፈተናም ናሙና ነው። ተማሪው ስለ አንድ ትምህርት የሚያውቀውን ሁሉ መጠየቅ ስለማይቻል፣ መምህሩ ከብዙው ጥቂቱን ይጠይቃል። በ1951 እ.ኤ.አ. ሊ ክሮንባክ «አልፋ» የተባለውን የአስተማማኝነት መለኪያ ሲያብራራ፣ ከአንድ የጥያቄዎች ክምችት በዕጣ የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ምን ያህል ሊዛመዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ አድርጎ ነው የፈታው። ስለዚህ «አስተማማኝነት» የሚለው ቃላችንም የሚያያዘው ከናሙና ጋር ነው። መምህሩ የሚወደውን ምዕራፍ ብቻ ቢጠይቅ ነጋዴው ከጆንያው አፍ እንደ ዘገነ ይቈጠራል።

የእኛም አገር ቍጥሮች ከዚህ ዘዴ የራቁ አይደሉም። ኢትዮጵያ መላ ሕዝቧን የቈጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። በኋለኞቹ ሁለት ቈጠራዎች አጭሩ መጠይቅ ለሁሉም ሲቀርብ፣ ዝርዝር ጥያቄዎችን የያዘው ረጅም መጠይቅ የተሞላው በናሙና ለተመረጡ ቤተሰቦች ነበር። በሁለት ቈጠራዎች መካከል ባሉት ዓመታትም ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ የምናውቀው በአብዛኛው ከናሙና ጥናት የተገኘ ነው። ይህን ሁሉ ዕውቀት የሚሸከሙት ቃላት የተዛቡ ከሆነ አንባቢው ቍጥሩን የሚያምንበትም ሆነ የሚጠራጠርበት ምክንያት አይኖረውም።

ስለዚህ የሚከተለውን ለውይይት እናቀርባለን። በአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፎች እንደሚሠራበት፣ «ናሙና» ለተመረጠው ነገር፣ «ንሞና» ደግሞ ለድርጊቱ ይሁን። የመመረጥ ዕድል ለታወቀበት ዘዴ ሁሉ «ዕድል ሰጪ ንሞና»፣ ከእርሱም ውስጥ ለቀላሉ ዐይነት «የዕጣ ንሞና» ይባል። አጥኚው ዐስቦ የሚመርጥበት ዘዴ «ዓላማ ተኮር ንሞና» የሚለውን ስሙን ይዞ ይቈይ። ናሙናው የሚወሰድበት ነገር ሰው ላይሆን ይችላልና፣ «ሕዝብ» በሚለው ፈንታ «ጠቅላላ ስብስብ» ይባል። «ዘፈቀደ» ግን ከዚህ መስክ ወጥቶ ወደ ጥንት ትርጉሙ ይመለስ፤ ያገለገለውም፣ ወደፊትም የሚያገለግለው፣ አጥኚው ሊያደርገው የማይገባውን ለመግለጽ ነው።