ግሉታሜትና የሬቲና ነርቮች ሞት፦ የአንድ ተስፋ ታሪክ

ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ዓይኑን የተመረመረ ሰው ግላኮማ እንዳለበት ሲነገረው የሚያነሣው ጥያቄ ይታወቃል፤ የጠፋው ብርሃን ይመለሳልን? የሞቱ የሬቲና ጋንግሊዮን ሕዋሳት ስለማይተኩ መልሱ አይመለስም የሚል ነው። ሕዋሳቱ ለምን ይሞታሉ ለሚለው ጥያቄ የተደረገው ፍለጋ ግን ረዥም ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ሉካስና ኒውሃውስ የተባሉ ተመራማሪዎች በቅርብ ለተወለዱ አይጦች ከቆዳ ሥር ግሉታሜት ሰጡ። የሬቲናቸው ውስጠኛ ንብርብር ሕዋሳት ወድመው፣ ብርሃን ተቀባዮቹ ግን ተርፈው ተገኙ። ዶክተር ጆን ኦልኒ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሳሳይ ጉዳት በአንጎል ላይ አሳዩ፤ ሕዋሳቱን የሚገድላቸው ከመጠን ያለፈ መነቃቃት መሆኑንም አስረዱ። በኋላ እንደታወቀው፣ በተለይ ኤን.ኤም.ዲ.ኤ. የተባለው የግሉታሜት ተቀባይ ያለ ልክ ሲነቃቃ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፤ ሚቶኮንድሪያን ያውካል፣ ፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይሞችንም ይቀሰቅሳል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሐኪሞች ባዕድ አይደለም። በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹም (እ.ኤ.አ.) በወሎ ደላንታ፣ ጓያን በብዛት የተመገቡ ገበሬዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ለዚህ ተጠያቂ የሚደረገው እ.ኤ.አ. በ1964 ከጓያ ተለይቶ የታወቀው ቤታ-ኦዳፕ ሲሆን፣ የሚያነቃቃውም አምፓ የተባለውን ሌላውን የግሉታሜት ተቀባይ ነው። በዚያ የሚጎዱት የእንቅስቃሴ ነርቮች እንጂ ሬቲና አይደለም፤ የአሠራሩ ዝምድና ግን ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ቪትሪየስ በተባለው የዓይን ውስጣዊ ፈሳሽ ውስጥ፣ በግላኮማ ሕሙማን ላይ፣ ግሉታሜት ከፍ ብሎ መገኘቱ ሲዘገብ ተስፋው ገነነ። የአልዛይመር መድኃኒት የሆነውና ኤን.ኤም.ዲ.ኤ.ን የሚያግደው ሜማንቲን ከ2,000 በላይ በሆኑ የግላኮማ ሕሙማን ላይ በሁለት ጥናቶች ለ4 ዓመታት ተፈተነ። የበሽታውን መባባስ አልገታም። ሙሉ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ጥናቶቹ ካበቁ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ያስቆጫል። ሌሎች ቤተ ሙከራዎችም የ1996ቱን ግኝት ሊያረጋግጡ አልቻሉም። ይህ የአይጦቹን ሙከራ ሐሰት አያደርገውም፤ በአይጥ በአጣዳፊ መጠን የታየው መርዛማነት በሰው ዓይን ለዓመታት ከሚዘልቀው ግላኮማ ጋር አንድ ነው ብሎ መውሰድ ግን የችኮላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005–2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግላኮማ 5.2 በመቶውን ይዞ ተገኝቷል፤ ትራኮማ ያመጣው የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ ነበር። ትራኮማ ዓይንን ያሳምማል፤ ግላኮማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ይሠራል። የተረጋገጠው ሕክምና ዛሬም ግፊትን በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና መቀነስ ነው። ጠብታውን ይዞ ወደ ቦንኬ የተመለሰ ገበሬ ሲያልቅበት ዳግመኛ መውረድ አለበት፤ አንደኛው ዓይኑ ጠፍቶ ከሆነ ሁለተኛውን የሚያተርፍለት ይኸው ነው።